በደጋው ሰሜን ሸዋ የመጀመሪያውን የጓሮ ላስቲክ ቤት መሥራት

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ ወይም መሐል ሜዳ ላይ ላስቲክ ቤት (በላስቲክ ተሸፍኖ አትክልት የሚበቅልበት ቤት) ለመሥራት የሚነሳ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ብርዱ ላይ ነው። ቤቱን ቀድሞ የሚያነሳው ግን ነፋስ ነው። ከነፋስ የተረፈውን ተክል የቀትር ሙቀት ይቀቅለዋል። ብርዱ ሦስተኛ ነው፤ እሱም ሲመጣ ላስቲኩ ብቻውን አይመልሰውም። ቦታ ስትመርጡም ስትሠሩም ይህን ቅደም ተከተል አትርሱ።

እዚህ የምንገልጸው 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት የሚቆም፣ ጣሪያው ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ቤት ነው። ከዚህ በጣም ያነሰ ቤት ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። የተለቀው ደግሞ የጀማሪን ስህተት አብሮ ያተልቃል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ግን ይህን አትሥሩ። ቆላ ላይ የሚያስፈልገው ጥላ ነውና ያንኑ እንጨት አቁማችሁ በላስቲክ ፋንታ የጥላ መረብ አልብሱት።

ቦታው

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከተዳፋቱ ወርዶ ወንዝ ዳርና ጎድጓዳ መስክ ላይ ይተኛል። በበሬሳ ወንዝ ዳርቻ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ሲያነጋ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ጓሮ ምንም ላይነካ የሚችለው ለዚህ ነው። ጓሯችሁን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም። በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ሁለት ሦስት ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡና ውርጩ የት እንደተጋገረ፣ ፀሐይ ስትወጣ የት ቀድሞ እንደሚቀልጥ እዩ። ውርጭ የሳሳበትና ቀድሞ የሚቀልጥበት ቦታ ነው የእናንተ። ከቦታው በታች በኩል የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ያቁረዋልና ከሥሩ አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ክፈቱለት።

የጠዋት ፀሐይ ከቀትሩ ይልቅ ዋጋ አላት። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ብታዘነብልም ከፍ ብላ ነው የምትታየው፤ 4 ሜትር ቁመት ያለው መኖሪያ ቤት በዚያ ሰዓት የሚጥለው ጥላ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ጠዋት ግን ያው ቤት ጥላውን ሩቅ ይዘረጋል፣ ውርጭ ያደረበት ተክልም ሙቀት የሚፈልገው ያኔ ነው። ስለዚህ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ካለ ግድግዳ ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁ። ይህን ካደረጋችሁ በታኅሣሥም ቢሆን ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ትደርሳለች። ከቆመ ባሕር ዛፍ ደግሞ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሽሹ፤ ከጥላው ይልቅ ሥሩ ነው ጠላት፣ የምታጠጡትን ውሃ መደቡ ሥር ገብቶ ይጠጣዋል።

ነፋሱን ለማወቅ 3 ሜትር እንጨት ላይ የፌስታል ቁራጭ አስሩና አንድ ሁለት ሳምንት ተመልከቱ። በበጋ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል፤ ነገር ግን ኮረብታና ሸለቆ ያጣምመዋል፣ በተለይ ወደ ጣርማ በር በሚጠጋው ገደል አፋፍ ላይ። የቤቱ ጠባብ ጎን፣ ማለትም 4 ሜትሩ፣ ወደ ነፋሱ ይዙር። ላስቲክ ቤት ሁልጊዜ በዚህ ወይም በዚያ አቅጣጫ ይቁም የሚለው ብርሃንን መሠረት ያደረገ ምክር ከምድር ወገብ ርቀው ላሉ አገሮች ይጠቅማል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ከአናት ስለማትርቅ ነፋሱ ይበልጣል። በነፋሱ በኩል ከ5 እስከ 8 ሜትር ርቆ አየር የሚያሾልክ የቁጥቋጦ ወይም የጭራሮ አጥር ቢኖር ደግ ነው። ድፍን ካብ ግን ነፋሱን ከላይ አሻግሮ ከኋላው ያሽከረክረዋል፣ ላስቲኩንም ወደ ላይ የሚጠባው ያ ሽክርክሪት ነው።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሁለት ነገር ጠብቁ። በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ቦታ ምርጫ ካላችሁ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ያለበትን፣ ትንሽ ተዳፋት የሆነውን ያዙ። ከሌላችሁ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው በዋልካ ማሳ ላይ በእጁ አፈር እየቆለለ ውሃ የሚያጠነፍፍበት ሰፊ መደብ ለጓሮም ይሠራል።

ግቢው ለጠበበው አንድ አማራጭ አለ። የድንጋይ ቤት በደቡብ በኩል ያለ ግድግዳው ቀን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ስለሚተፋ በእሱ ላይ ተደግፎ የሚሠራ ግማሽ ላስቲክ ቤት ውርጭን ከሙሉው በተሻለ ይቋቋማል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብና በረዶ ላስቲኩ ላይ እንዳያርፍ አሸንዳ መግጠም ግን የግድ ነው።

ዕቃው

እንጨቱ ተልጦ ቢያንስ አንድ ወር የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሁን። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። ለጎን ቋሚ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሜትር ከ70 ቁመት ያላቸው 8፤ ለመካከል ቋሚ 3 ሜትር ከ70 የሆኑ 4፤ ለወጋግራ 2 ሜትር ከ60 የሆኑ 8፤ ለማገር ቀጥ ያሉ፣ 6 ሜትር ከ20 የሆኑ 7 (አንዱ ለአናት፣ ሁለቱ ለጣሪያው ጠርዝ፣ ሁለቱ ለጣሪያው መካከል፣ ሁለቱ ለጎኑ ወገብ)፤ ለሰያፍ ድጋፍ 2 ሜትር የሆኑ 8። በዚህ ላይ 60 ሜትር ያህል ሊስቴሎ (ቀጭን የተሰነጠቀ ጣውላ)፣ ባለ 10 እና ባለ 6 ሚስማር፣ ጥቁር ሽቦ፣ 50 ሜትር የናይለን ገመድ፣ አንድ ሁለት አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ያዙ።

ገንዘባችሁን የምታወጡበት ላስቲኩ ላይ ነው። 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው፣ የፀሐይ መከላከያ የተጨመረበት የግሪን ሃውስ ላስቲክ ጠይቁ። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በዚህ ከፍታ ፀሐይ አንድ በጋ ሳይሞላው እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። 6 ሜትር ስፋት ካለው ጥቅል 21 ሜትር ይበቃል፤ 22 ግዙ። ሦስት ቦታ በ7፣ 7 ሜትር ይቆረጣል። አንዱ ለጣሪያ ነው። ሁለተኛው በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ለሁለቱ ጎን፣ ሦስተኛው በ3 ሜትር ተኩል ለሁለት ተቆርጦ ለፊትና ለኋላ ይሆናል። ከፊትና ከኋላው የሚተርፈው ቁራጭ ለበር ይውላል።

ሻጩ «ሁለት መቶ ነው» ካለ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 22 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ 200 ማይክሮን ላስቲክ 24 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 18 ኪሎ ከሆነ የያዛችሁት 150 ማይክሮን ነው፣ ምንም ይባል ምን።

ማቆም

ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ፣ ውርጭ ሳይጀምር ነው። አፈሩ ለቁፋሮ ገና ለስላሳ ነው፣ ዝናቡም አባርቷል።

አራቱን ማዕዘን በችካልና በሲባጎ ምልክት አድርጉ። ጎኖቹ ልክ ቢሆኑም ቤቱ ሊጣመም ስለሚችል ሰያፉን ለኩ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱም 7 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። አምስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካለ አሁን አስተካክሉ። እዚህ የታለፈ ጥመት ላስቲክ ሲወጠር እጥፋት ሆኖ ይመጣል፣ እጥፋቱ ውስጥ ውሃና በረዶ ይቀመጣል።

በየ2 ሜትሩ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በየጎኑ 4፣ መሃል ላይ በቤቱ ርዝመት 4 ይሆናሉ። አፈር ውስጥ የሚገባውን የእንጨት ጫፍ ላዩ እስኪጠቁር በእሳት ለብልቡትና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ቅባቱ ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ይለፍ፣ እንጨት የሚበሰብሰው አፈርና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነውና። ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ጨምሩ፣ ቋሚውን በቱንቢ አስተካክሉ፣ ዙሪያውን ድንጋይና አፈር እያፈራረቃችሁ በየስንዝሩ ጠቅጥቁ። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ የወጣውን ጥቁር አፈር አትመልሱት፤ በጠጠርና በቀይ አፈር ሙሉት። ከመሬት በላይ የጎኑ ቋሚ 2 ሜትር፣ የመካከሉ 3 ሜትር ይቀራል። ከዚህ የሚገኘው የጣሪያ ቁልቁለት የሐምሌን በረዶ ያንሸራትታል። ላስቲኩ ከውስጥ ሲያልበውም ጠብታው ተክል ላይ ሳይንጠባጠብ ወደ ጎን ይወርዳል።

ማገርና ወጋግራው ከተመታ በኋላ በአራቱም ማዕዘን፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ድጋፍ ምቱ። ይህን «በኋላ» ብሎ የሚተው ብዙ ነው። ቤቱን ትከሻችሁን ሰጥታችሁ ግፉት፤ ከተወዛወዘ ላስቲክ አይለብስም።

አሁን በእጃችሁ መዳፍ እንጨቱን ሁሉ ዳብሱ። እጅ የሚወጋ ጉጥና የሚስማር አናት ላስቲክም ይወጋል። ጉጡን በመጥረቢያ አስተካክሉ፣ ሚስማሩን አስጥማችሁ ምቱ፣ የወጋግራውን ላይኛ ፊት ነጭ ቀለም ቀቡ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጥቁር እንጨት በፀሐይ ሲግል የተኛበትን ላስቲክ ያቃጥላል፤ ብዙ ቤት በወጋግራው መስመር ላይ የሚቀደደው በዚህ ነው።

ማልበስ

ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። በማለዳ ብርድ የተወጠረ ላስቲክ ቀትር ላይ ይረግባል፤ በቀትር ሙቀት አጥብቃችሁ የወጠራችሁት ሌሊት ተኮማትሮ ሚስማሩ ላይ ይቀደዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተነሳ ደግሞ አምስት ሰውም አይዘውም። በጠርዙ ላይ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደሚሆን ከተጻፈበት አክብሩት።

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። 3 ሜትር ስፋት ያለውን የጎን ላስቲክ ለሁለት ክፈሉት፦ 1 ሜትር ከ10 የሆነው ቀሚስ፣ 1 ሜትር ከ90 የሆነው መጋረጃ ነው። ቀሚሱ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለው የወገብ ማገር ጋር ይመታል፣ ታችኛው ጫፉ ቦዩ ውስጥ ይቀበራል። መጋረጃው ከላይ በጣሪያው ጠርዝ ማገር ይያዛል፣ ከታች ቀጥ ባለ ቀጭን እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ስታጥፉት ወደ ላይ ይነሳል፣ ስትለቁት ቀሚሱን ከውጭ በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ደርቦ ይወርዳል። ቀሚሱ ያስፈለገው መጋረጃው ሲከፈት ቀዝቃዛው ነፋስ ችግኙን ከእግሩ እንዳይመታው ነው፤ ዶሮም ይከለክላል። አንዲት ዶሮ አንድ ሰዓት ካገኘች መደብ የሚባል ነገር አይተርፍም።

ከዚያ የፊትና የኋላው፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። ጣሪያው በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል በመጋረጃው ላይ ይንጠልጠል፣ ትርፉ ሊስቴሎ ላይ ይጠቅለል።

አያያዙ እንዲህ ነው። የላስቲኩን ጠርዝ ሊስቴሎው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉ፣ ሊስቴሎውን ከማገሩ ጋር ግጠሙ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ሚስማር ምቱ፣ ከእያንዳንዱ ሚስማር አናት ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ። ሚስማር በነጠላ ላስቲክ ላይ በቀጥታ ከተመታ ነፋሱ ቀዳዳውን እያወዛወዘ በአንድ ሳምንት መቀስ የገባበት ያስመስለዋል።

በመጨረሻም በወጋግራ መካከል በሦስቱም ክፍተት የናይለን ገመድ ከጎን ወደ ጎን በጣሪያው ላይ አሳልፉ፣ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ 60 ሳንቲ ሜትር በገባ ችካል ላይ እሰሩ። በአንደኛው ጫፍ ገመዱንና ችካሉን የከመነዳሪ ቀለበት ያገናኛቸው። ላስቲኩ ሲረግብ ጎማው ገመዱን ይስበዋል፣ ነፋስ ሲመታ ይሰጥለታል።

በሩ ነፋስ በማይመጣበት ጠባብ ጎን፣ ከመካከሉ ቋሚ አጠገብ ይሁን፤ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ከ80 ቁመት። በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ 80 በ80 የሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ሙቅ አየር የሚወጣው በላይ ነው። ነጭ ዝንብ ለመቀነስ አሮጌ አጎበር መስኮቱ ላይ መወጠር ይቻላል፤ አየር ስለሚያፍን መጋረጃውን ያን ያህል የበለጠ መክፈት ይኖርባችኋል።

ውስጡ

ስፋቱ 4 ሜትር ነውና፦ በየጎኑ 90 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ ሁለት 50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ መሃል ላይ 1 ሜትር ከ20 መደብ። የመካከሉ ቋሚዎች መሃለኛው መደብ ላይ ስለሚያርፉ መንገድ አይዘጉም፣ ለቲማቲም ማንጠልጠያ ገመድም ያገለግላሉ። የመሃሉን መደብ ከበሩ ግማሽ ሜትር አሳጥሩት። ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ዋልካ ላይ 30 ይሁን። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ብስባሽ ስጡ፣ በጠቅላላው 80 ኪሎ ግድም ነው። ፍጉ ሁሉ ኩበት ሆኖ በሚያልቅበት አገር ይህ ቀላል አይደለም፤ ከክረምቱ ጀምሮ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ትኩስ ፍግ ግን አታስገቡ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጋዙ ቅጠል ያቃጥላል።

ከቤቱ ውጭ በላይ በኩል 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይኑር። አሸንዳ ከገጠማችሁለት ደግሞ ጣሪያው ውሃ ያጠራቅማል፤ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ዝናብ ከ400 ሊትር በላይ ያወርዳል፣ ሁለት በርሜል ማለት ነው።

በርሜሎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ጥቁር የተቀቡ፣ 200 ሊትር ውሃ የሞላባቸው ሦስት በርሜሎች በሰሜኑ በኩል ከቆሙ ቀን ይሞቃሉ፣ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያሉ ይለቁታል። የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ ሥር ላይ ከማፍሰስም ያድናሉ።

ቀንና ሌሊት

ርካሽ ቴርሞ ሜትር በተክሉ ቁመት ልክ ጥላ ውስጥ ስቀሉ። 25 ዲግሪ ሲደርስ መጋረጃ ማጠፍ ጀምሩ። ውጭው ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ተዘግቶ የዋለ ቤት በጠራ ሰማይ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ቲማቲም ደግሞ 35 አካባቢ ሲደርስ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ ዝጉ። መሽቶ ከዘጋችሁ የዘጋችሁት ብርዱን ነው።

ውርጭ ከጥቅምት እስከ ጥር ይጠበቃል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይብሳሉ። ላስቲክ፣ የፀሐይ መከላከያ ያለውም ቢሆን፣ መሬቱ ሌሊት የሚለቀውን ሙቀት ያሳልፋል። ስለዚህ በጠራ ሌሊት ውስጡ ከውጭው የሚበልጠው በአንድ ሁለት ዲግሪ ነው፤ ጨርሶ የማይበልጥበት ሌሊትም አለ። የሚያድነው ድርብ ሽፋን ነው። መደቡ ላይ በሸምበቆ ወይም በቀጭን አርጩሜ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ሠርታችሁ ማታ አሮጌ ነጠላ ወይም አንሶላ አልብሱት፤ ጨርቁ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ያርራል። አፈሩን ጠዋት አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከር፤ ጭሱ ተክሉን ይጎዳል፣ የሚገባውን ሰው ደግሞ ሊገድል ይችላል።

ለመጀመሪያው በጋ ሰላጣ፣ ቆስጣና የችግኝ መደብ በቂ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ የካቲት ላይ ይተከሉ፣ አበባቸው ከውርጭ ያመልጣል። መሃለኛው መደብ ላይ በሁለት መስመር፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከ18 እስከ 20 እግር ቲማቲም ይይዛል። ነፋስ ስለማይነካቸው አበባ ሲይዙ ረፋድ ላይ የታሰሩበትን ገመድ በጣታችሁ ነዝሩት፤ ዱቄቱ የሚራገፈው በዚህ ነው።

ሲበላሽ

ጠዋት ጠዋት ላስቲኩ አልቦት ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆና ሻጋታ ከታየ አየር አንሷል። ክረምት ላይ ዝናብ ቢዘንብም በነፋሱ ተቃራኒ ያለውን መጋረጃ በከፊል ክፈቱ፣ ውሃውን ከሥር እንጂ ቅጠል ላይ አታፍስሱ። ችግኝ ከግንዱ ሥር ቀጥኖ ከወደቀ ውሃ በዝቷል ወይም በጣም ተጠጋግቶ ተዘርቷል። ተክሉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቀጥኖ ከተሳበ ጥላ አለ። ቲማቲም ቅጠሉ አረንጓዴ እንዳለ በድንገት ከጠወለገና ውሃ ካልመለሰው ነቅላችሁ ከግቢ አውጡ፤ ከድንች ማሳ የመጣ አፈር ብዙ ጊዜ ይህን በሽታ ይዞ ይገባልና ለመደብ የሚሆን አፈር ከዚያ አትዘቁ።

ድኝ ያለበት ፀረ ሻጋታ የምትረጩ ከሆነ ላስቲኩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ የፀሐይ መከላከያውን ይበላዋል። ቀዳዳ ስታዩ በዚያው ቀን፣ ላስቲኩን ጠርጋችሁ አድርቃችሁ፣ በውስጥም በውጭም ሰፊ ፕላስተር ለጥፉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የገመዱን ችካሎች አጥብቁ፣ የቀሚሱን አፈር እንደገና ጠቅጥቁ፣ ከወጋግራው በላይ ያለውን ላስቲክ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ እጠፉት። የታጠፈበት መስመር ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይም ከተሰነጠቀ የጣሪያውን 7 ሜትር ከበጋው ነፋስ በፊት ቀይሩት፤ የጎኖቹ ገና ሊያገለግሉ ይችላሉ።